ጋቢና የተቀመጠ አይተኛም

ባሌ ዋለ ከነቀምቴ ኑኑ ቁምባ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሲነዳ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዓመት ዶሮ እንኳ አልገጨም። ይህን የምለው ሚስቱ ስለሆንኩ አይደለም፤ ያልመሰለው መናኸሪያ ሄዶ ያገኘውን ሰው ይጠይቅ። መኪና ሞልቶ እየወጣ "የዋለ ተራ መቼ ነው?" ብሎ ሁለት ሰዓት ቆሞ የሚጠብቅ ተሳፋሪ አለ። ነፍሰ ጡር የሚያሳፍር፣ ሽማግሌ አባቱን የሚልክ፣ የሙሽራ ሻንጣ የሚጭን ሁሉ እሱን ይመርጣል። የንስሐ አባቴ ትዕቢት ነው ይሉኛል። ይበሉ፤ እኔ በባሌ እኮራለሁ።

ምክንያትም አለኝ። ሁለታችንም በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ የመጣን ሰዎች ነን። እኔ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ነው የመጣሁት፤ እሱ ግን ስምንት ዓመት ሞልቶት ስለነበር መንገዱን ያስታውሰዋል። ልጆች ሳለን ስማችን "ሰፋሪ" ነበር። ዛሬ ግን ትልቁም ትንሹም "ኦቦ ዋለ" ብሎ በአክብሮት ነው የሚጠራው። መንገድ በተዘጋባቸው ወራት እንኳ ሰው እየደወለ "ኦቦ ዋለ መቼ ይወጣል?" ይለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ስም በአንድ ቀን አልተገኘም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አብረን ነው የጠበቅነው።

አርባዎቹን ሲያጋምስ ዋለ ወፈረ። የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ አልዘጋ አለ። ያኔ ነው ማንኮራፋት የጀመረው፤ ሲያንኮራፋ ደግሞ ለጎረቤት ይተርፋል። ጎረቤቶቻችን "ቅጥቅጡ ሌሊትም ይሠራል እንዴ?" እያሉ ያሾፉብን ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ። እውነቱን ልናገርና ማንኮራፋቱም ሳይቀር ያኮራኝ ነበር። እኛ ረሃብ አይተን ያደግን ሰዎች ነን፤ ወንድ በልቶ ጠግቦ፣ ልቡ አርፎ ሲተኛ እንዲያ ይሆናል ብለን ነው የምናምነው።

አንድ ሌሊት ግን ማንኮራፋቱ ድንገት ተቋረጠ። ዝምታው ነው የቀሰቀሰኝ። እጄን አፍንጫው ላይ ባደርግ ትንፋሽ የለም። ደረቱ ይታገላል፤ አየር ግን አይገባም አይወጣም። ስሙን ልጠራ አፌን ስከፍት ከወንዝ ጎትተው እንዳወጡት ሰው አየር ሳበና፣ ሳይነቃ ማንኮራፋቱን ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ቆመ። ከዚያ በኋላ ትንፋሹን መጠበቅ የሌሊት ሥራዬ ሆነ። ሲቆም እቆጥራለሁ፤ ሃያ ስደርስ በክርኔ እጎሽመዋለሁ።

ጠዋት እንዴት እንዳደረ ስጠይቀው "ደህና" ይለኛል። ራሱን ግን ያመዋል፣ ፊቱም እንቅልፍ ያላየ ሰው ፊት ይመስላል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ከተቀመጠ ገና ነፍስ ይማር ሳይል ጭንቅላቱ ይወድቃል። ቅዳሴ ላይ መቋሚያውን ተደግፎ ዓይኑን ሲከድን የሰበካው ሰዎች በተመስጦ ያለ ይመስላቸው ነበር፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ፣ ተኝቷል። ሌሊት ስለሚሆነው አልነገርኩትም። ምን ብዬ? ሰውዬው ድካም አያውቀውም እየተባለ የሚወራለት ሾፌር ነው።

ይልቅ መፍትሔ አበጀሁ። በኛ መንገድ ጋቢና ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጥ ሰው ግዴታ አለበት። ሾፌሩን ያጫውታል፤ ወሬ ሲያልቅበት ይፈጥራል። ጋቢና የተቀመጠ አይተኛም። ያንጎላጀ እንደሆነ "ተነሥ፣ ኋላ ሂድ" ይባላል፤ ሽማግሌም ቢሆን፣ ሹም ቢሆን። እኔም በርበሬ እነግዳለሁ ብዬ ለሰው አወራሁና፣ በሳምንት አምስት ቀን አንድ ከረጢት በርበሬ ይዤ ጋቢና መቀመጥ ጀመርኩ። ከመናኸሪያው እስክንወጣ ዝም እላለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አፌ አይገጠምም። የጎረቤት ጠብ፣ የሠርግ ወሬ፣ የሞተ ሰው ታሪክ፣ ያልሆነም እየጨመርኩ። ዓይኑ ሲከብደው ጭኑን እቆነጥጠዋለሁ። ተሳፋሪው "አዴ ተናኜ ባሏን ለደቂቃ አትለይም" እያለ ይስቃል። ይሳቅ። አምስት ወር ሙሉ በምላሴና በጥፍሬ ያንን መኪና መንገድ ላይ ያቆየሁት እኔ ነኝ፤ በዚህም ኮርቼ ነበር።

እኔ መቼ እንደምተኛ ግን ማንም አልጠየቀኝም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

መስቀል ካለፈ በሳምንቱ ነው። ከኑኑ ቁምባ ስንመለስ ምሳ በልተን ነበር፣ ፀሐዩ በመስታወቱ ይገባል፣ በመንገዱ ቀኝ በኩል ያለው በቆሎ ሰው ያክላል፣ በግራ በኩል ገደል ነው። የእህቴን ልጅ ሠርግ እያወራሁለት ነበር። ማን ምን እንደለበሰ ስዘረዝር ነው ነገሩ ከአፌ የጠፋው። ከዚያ የሰማሁት የበቆሎ አገዳ መስታወቱን ሲመታ ነው።

መኪናው በቀኝ በኩል ወጥቶ ማሳው ውስጥ ገብቶ ቆሟል። ዋለ ፍሬኑን ረግጦ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጧል። እሱም የነቃው ከእኔ እኩል ነው። አየኝ፣ አየሁት። ሁለታችንም ምን እንደሆነ ገባን። ወደ ግራ ቢሆን ኖሮ ሃያ ሰባት ሰው ነበር ገደል የሚገባው።

ከኋላችን መጀመሪያ የተናገረው የእህል ነጋዴው ኦቦ ዋጋሪ ነው። እሱም ተኝቶ ኖሮ ፍሬኑ ሲነቀንቀው ነቅቶ በመስኮት ሲያይ፣ ማሳው ዳር አንዲት ጥጃ ቆማ ትታየዋለች። "ጥጃዋን ሊያድን ነው" አለ። "አያችኋት? እዚያች ናት። ሌላ ሾፌር ቢሆን ወይ ይገጫት ነበር ወይ ገደል ይከተን ነበር። ዋቃዮ ሀርከ ኬ ሃ ኤቢሱ።" እግዚአብሔር እጅህን ይባርክ ማለቱ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ እየተቀበለ መረቀው። ዋለ ሊናገር አፉን ሲከፍት ጉልበቱን ያዝኩት።

"ዝም በል" አልኩት በጆሮው።

ዝም አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ነቀምቴ ገባ። የሾፌሮች ማህበሩ አስቀድሞም ያለ አደጋ ለረጅም ዘመን የነዳ ብሎ ዋለን ሊሸልም ወስኖ ነበር፤ ጥጃዋ ስትጨመርበት ነገሩ ትልቅ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት እሁድ በአዳራሽ፣ ሾፌሮቹ ከነሚስቶቻቸው ባሉበት፣ ካባ ሊለብስ ነው። ካባ። በሰፈራ የመጣው ልጅ። ይህን የሰማሁ ቀን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ለዋለ ሳልነግር ሐኪም በርናባስ ዘንድ ሄድኩ። በርናባስ ሰው የማያንጓጥጥ ወጣት ሐኪም ነው።

"አንድ ጎረቤት አለን" አልኩት። "ሲተኛ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ትንፋሹ ይቆማል። እስከ ሃያ ድረስ ይቆማል። ቀን ደግሞ ይተኛል።"

"ጎረቤትሽ ሌሊት ትንፋሹ ሲቆም አንቺ ከየት ሆነሽ ነው የምትቆጥሪው?" አለኝ።

አቀረቀርኩ። አልሳቀብኝም፤ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ሰውዬው ሲተኛ የጉሮሮው ሥጋ ይላላና የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። ሊታፈን ሲል አንጎሉ ለቅጽበት ይቀሰቅሰዋል፤ እንዲህ እየሆነ ሌሊቱን መቶ ጊዜም ሊነቃ ይችላል፣ እሱ ግን አያስታውሰውም። ስለዚህ አልጋ ላይ ስምንት ሰዓት ቢውል እንኳ አልተኛም ማለት ነው። ቀን መሪ ይዞ ሳለ እንቅልፉ ሳይነግረው ይወስደዋል።

"ወሬ ቢያወሩለትስ?" አልኩት።

"ወሬ እንቅልፍ አይሆነውም።"

"ይድናል?"

"ይታከማል። ክብደት ይቀንሳል፣ በጎኑ ይተኛል። አዲስ አበባ ልከን እናስመረምረዋለን፤ ካስፈለገው ሲተኛ አፍንጫው ላይ የሚደረግ፣ አየር እየገፋ ጉሮሮውን ክፍት የሚያደርግ መሣሪያ አለ። ብዙ ሰው በሱ ድኖ ወደ ሥራው ተመልሷል። እስከዚያ ግን መሪ አይጨብጥም። አንድ ቀንም ቢሆን።"

"ከሦስት ሳምንት በኋላ አመጣዋለሁ።"

"ለምን ሦስት ሳምንት?"

አመስግኜው ወጣሁ። ለዋለም አልነገርኩትም። ካባውን ይልበስ፣ ከዚያ በክብር ያርፋል፣ አሁን ከተነገረ ግን "እንቅልፋሙ ሾፌር" ነው የሚባለው ብዬ አሰብኩ። ለአንድ ካባ ብዬ በየቀኑ ሃያ ሰባት ሰው በገደል አፋፍ አስነዳሁ። ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል፣ ግን ያደረግሁት እሱን ነው። ሦስቱን ሳምንት ሎሚ እየነከስኩ ጋቢና ተቀመጥኩ።

ዋለ ማሳው ከገባንበት ቀን ወዲህ ወሬዬን አይሰማም ነበር። አንድ ቀን እየነዳ "ተናኜ፣ ጥጃዋን አይተሻታል?" አለኝ።

"አይቻታለሁ።"

"መንገዱ ላይ?"

ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማውራት ጀመርኩ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። አካም ጅርተን፣ ነጋ፣ እየተባባልን ሰላምታ ተለዋውጠን ገባን። ዋለን መድረክ ላይ አስቀመጡት። እኔን ከፊት ረድፍ፣ ከማህበሩ ሊቀመንበር ከቀጀላ ሚስት ከድርቤ አጠገብ አስቀመጡኝ። ቀጀላ ራሱ የአዲስ አበባውን ትልቅ አውቶቡስ የሚነዳ፣ ቁመተ ረጅም፣ ድምፁ ማይክ የማያስፈልገው ሰው ነው። ተነሥቶ የዋለን ታሪክ መተረክ ጀመረ። ሲጀምር ጥጃ ነበረች። እየሞቀው ሲሄድ ጥጃዋን የምትከተል አንዲት ሕፃን ገባች። ሊጨርስ ሲል ጥጃዋ ጠፍታ ዋለ ሕፃኗን ለጥቂት አድኗታል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ የባሌን ፊት አየሁና እጄ ቆመ።

ዋለ ማይኩን ተቀበለው። "ሕፃን አልነበረችም" አለ። "ጥጃዋም መንገድ ላይ አልነበረችም። እኔ ተኝቼ ነበር።"

ሰው ሳቀ። እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው እያለ የባሰ አጨበጨበለት።

"እውነቴን ነው" አለ ዋለ። "መሪ ይዤ ተኝቻለሁ።"

ኦቦ ዋጋሪ ከመሐል ተነሣ። "እኔ እዚያው ነበርኩ። ጥጃዋን በዓይኔ አይቻታለሁ፣ ቀይ ናት" አለ። ደግመው አጨበጨቡ። ቀጀላ ወርቅ ጥልፍ ያለበትን ካባ ከጠረጴዛው አንሥቶ ወደ ዋለ ትከሻ መጣ። ዋለ እጁን ዘርግቶ አስቆመውና እኔን አየኝ። አልለመነኝም፣ አልተቆጣኝም። እውነቱን የሚመሰክርለት ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድ ብቻ እንዳለ አውቆ ነው ያየኝ።

በእናቴ ቤት ባልና ሚስት የሚተኙበትን ጉዳይ በሰው ፊት የምታወራ ሴት ከሰው አትቆጠርም። እዚያ ደግሞ ያለው መቶ ወንድ ነው። ተነሣሁ።

"ባሌ እውነቱን ነው" አልኩ። "እኔም ጋቢና ተቀምጬ ተኝቼ ነበር።"

የሳቁ ነበሩ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ።

"ሌሊት ትንፋሹ ይቆማል። እኔ እየቆጠርኩ እቀሰቅሰዋለሁ። እሱ አያውቅም፤ አሁን ነው የሚሰማው። ሐኪም ጠይቄያለሁ። በሽታ ነው፣ ይታከማል፣ እስኪታከም ግን መሪ አይጨብጥም ብሎኛል። ይህን ካወቅሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ያንን ካባ ስለፈለግሁ ደበቅሁ። የእናንተን እናቶችና ልጆች ይዘን ስንመላለስ ነበር።"

የሚስቅ ጠፋ። ኦቦ ዋጋሪ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ዋለ ኪሱ ገብቶ የመኪናውን ቁልፍ አወጣና በካባው ላይ፣ በቀጀላ ክንድ ላይ አስቀመጠው።

"የሰኞ ተራዬን ለሌላ ሰው ስጡ" አለ።

በዚያች ሰዓት በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ኮርቼበት የማላውቀውን ያህል ኮራሁበት። ከዚያ በፊት የኮራሁበት ሁሉ ሰው ያወራለት ነበር፤ ይህን ግን ራሱ ሲያደርገው አየሁት።

ቀጀላ ጭንቅ ውስጥ ገባ። ነገሩን በቀልድ ሊያበርደው ፈለገ መሰለኝ "ቆይ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ማንኮራፋት በሽታ ከሆነማ ነቀምቴ ውስጥ ጤነኛ ወንድ የለም" አለ። ሰው እፎይ ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ከአጠገቤ ድርቤ ተነሣች። ድርቤ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ እንኳ ለመጸለይ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት።

"ቀጀላ፣ ያንተም ይቆማል" አለች።

ቀጀላ ያልሰማ መሰለ።

"አራት ዓመት ሆነው። ልጆቹ እንዳይደነግጡ በሩን ዘግቼ እኔው ነኝ የምቀሰቅስህ። እንዲህ ያለ በሽታ መኖሩን አላውቅም ነበር፤ ሰው ይስቅብሃል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ማክሰኞ ስልሳ ሰው ይዘህ ፊንፊኔ ልትሄድ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ሐኪሙ ማን ነው ያልሽው?" አለችኝ፣ ገበያ ላይ ዕቃ የት እንደሚሸጥ እንደምትጠይቅ ሁሉ።

"በርናባስ" አልኳት።

ቀጀላ ካባውን ከነቁልፉ ጠረጴዛው ላይ መለሰና ተቀመጠ። ዝግጅቱ ያለ ሽልማት በዚያው አበቃ፤ የተጠበሰውን ሥጋ እንኳ የነካው ጥቂት ሰው ነው።

ወደ ቤት በእግር ነበር የሄድነው። ቤታችን ልንደርስ ስንል ዋለ "በአንድ ሌሊት ስንት ጊዜ ትቀሰቅሺኛለሽ?" አለኝ።

"አልቆጠርኩም።"

"አንቺ? ቆጥረሻል።"

"አርባ ሲሞላ ቁጥሩን እተወዋለሁ።"

መንገዱ መሐል ቆመ። "ሦስት ሳምንት መደበቅሽን አልረሳልሽም" አለ።

"አትርሳልኝ" አልኩት። ይገባኛል።

"ዛሬ መነሣትሽንም አልረሳም" አለና በሩን ከፈተ።

ሰኞ ጠዋት በርናባስ ክፍል በር ላይ ያለው አግዳሚ አልበቃ አለ። ዘጠኝ ሾፌሮች ነበሩ፣ ግማሾቹ ወደው፣ ግማሾቹ ተጎትተው የመጡ። የእያንዳንዱ ሚስት ከጎኑ ናት። ያኔ ነው ዙሪያዬን አይቼ የገባኝ፤ በየቤቱ ሌሊት ተቀምጣ ባሏን የምትጠብቅ ሴት ሁሉ እንደ እኔ ብቻዋን የሆነች መስሏት ነበር የኖረችው። ካባ ለብሼ ቢሆን እንዲያ አልኮራም ነበር።

ዋለ ቀድሞ ገብቶ የአዲስ አበባውን ወረቀት ይዞ ወጣ። ቀጥሎ ቀጀላና ድርቤ ሲገቡ በሩ ክፍት ቀርቶ ስለነበር ሁላችንም እንሰማለን።

"እንቅልፍዎ እንዴት ነው፣ ኦቦ ቀጀላ?" አለ በርናባስ ብዕሩን አንሥቶ።

"ደህና ነው። ጥሩ እተኛለሁ" አለ ቀጀላ።

"ዶክተር፣ እሱ ተኝቶ ነበር" አለች ድርቤ። "እኔን ጠይቀኝ።"

በርናባስ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ።